ለግብር ዕዳ የተሸጠን ንብረት መቤዠት

ለግብር ዕዳ የተሸጠን ንብረት መቤዠት ማለት፣ ግብር ሳይከፈልበት ቀርቶ በሐራጅ የተሸጠ ቤት ወይም መሬት የነበረው ሰው፣ ሕግ በወሰነው ጊዜ ውስጥ የሚፈለግበትን ገንዘብ ከፍሎ ንብረቱን መልሶ የሚያገኝበት ሕጋዊ አሠራር ነው። ባለቤቱ ሲቤዥ የሐራጁ ገዢ ባዶ እጁን አይመለስም። የከፈለው የሐራጅ ዋጋ፣ ከዚያ በኋላ በንብረቱ ላይ ያወጣቸው የተወሰኑ ወጪዎች፣ እንዲሁም ወለድ ወይም ጭማሪ ይተካለታል። ይህ ጠቅላላ ክፍያ የመቤዣ ገንዘብ ይባላል።

አሠራሩ በስፋት የሚገኘው በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ሲሆን፣ ይህ መጣጥፍም በዋናነት የሚመለከተው እዚያ ያለውን ሕግ ነው። በአሜሪካ የንብረት ግብር የሚሰበስቡት ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው። ሕጉን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ የመቤዣው ጊዜም ሆነ ለገዢው የሚተካው ገንዘብ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ትርጉም

«መቤዠት» የሚለው ግስ «ቤዛ» ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር አለው። ዋጋ ከፍሎ ማስመለስን ወይም ማስለቀቅን ያመለክታል። የአማርኛ አንባቢ ቃሉን በይበልጥ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ፣ ደህይቶ ርስቱን የሸጠ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መልሶ መቤዠት እንደሚችል ተደንግጓል። ከሽያጩ በኋላ ያለፉት ዓመታት ይቆጠሩና ቀሪው ዋጋ ለገዢው ይመለስለታል። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ ግን የመቤዣው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዓመቱ ካለፈ ቤቱ ለገዢው ይጸናል። ይህ ድንጋጌ የሚናገረው ስለ ግብር ሐራጅ አይደለም። ሆኖም የዘመናዊው ሕግ ሦስት መሠረታዊ ጥያቄዎች እዚያም ይገኛሉ፦ ባለቤቱ እስከ መቼ ነው የሚቤዠው? ለገዢው ምን ያህል ይመለስለታል? ጊዜው ካለፈስ ምን ይሆናል?

የመቤዠት መብት ለምን ተፈለገ

የንብረት ግብር በአሜሪካ ለትምህርት ቤቶች፣ ለመንገድ፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ አገልግሎት ከሚውሉ ዋና ዋና ገቢዎች አንዱ ነው። ግብሩ የሚያርፈው በንብረቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ከንብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቤቱን በመያዣነት ከያዘው ባንክ ዕዳ ይቀድማል። ዕዳው ለረጅም ጊዜ ካልተከፈለ ካውንቲው ወይም ከተማው ገንዘቡን በሐራጅ ያስመልሳል።

በዚህ ሐራጅ ሦስት ወገኖች አሉ። የአካባቢው አስተዳደር ገንዘቡን ቶሎ ማግኘት ይፈልጋል። ባለቤቱ በሕመም፣ በሥራ ማጣት፣ በውርስ ጉዳይ መጓተት ወይም ማስታወቂያ ባለማግኘት ምክንያት የዘገየ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻ ዕድል ያስፈልገዋል። ገዢው ደግሞ የዛሬ ገንዘቡን ከፍሎ ነገ የራሱ መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት ነው የሚገዛው።

የመቤዣ ገንዘብ እነዚህን ሦስት ወገኖች የሚያስታርቅ ቁልፍ ነው። ገዢው ገንዘቡ እንደሚተካለት እርግጠኛ ካልሆነ ወደ ሐራጁ አይመጣም፤ ቢመጣም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል። በተቃራኒው ለገዢው የሚከፈለው ጭማሪ ከመጠን በላይ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ግብሩን መክፈል ያቃተው ባለቤት ጭማሪውን ጨምሮ ሊከፍል አይችልም። ያን ጊዜ የመቤዠት መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የሐራጅ ዓይነቶች

የግብር ሐራጅ በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል።

የመጀመሪያው የመያዣ መብት ሽያጭ ነው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ታክስ ሊየን ይባላል። እዚህ የሚሸጠው ቤቱ ሳይሆን ካውንቲው በቤቱ ላይ ያለው የዕዳ መብት ነው። ገዢው የተጠራቀመውን ግብር ለካውንቲው ይከፍልና የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ቤቱ ግን በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱ ሲከፍል ገንዘቡ ለምስክር ወረቀቱ ባለመብት ይተላለፋል። ፍሎሪዳ፣ አሪዞና፣ አዮዋና ኒው ጀርሲ በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ።

ሁለተኛው የባለቤትነት ሰነድ ሽያጭ ሲሆን ታክስ ዲድ ይባላል። እዚህ የሚሸጠው ንብረቱ ራሱ ነው። ከእነዚህ ክፍለ ግዛቶች አንዳንዶቹ ከሽያጩ በኋላም ለባለቤቱ የመቤዣ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ቴክሳስና ጆርጂያ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሌሎቹ ግን ከሽያጩ በፊት ብቻ ነው መቤዠት የሚፈቅዱት። በካሊፎርኒያ መብቱ የሚያበቃው ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት ባለው የመጨረሻ የሥራ ቀን ነው። በቨርጂኒያም ባለቤቱ ዕዳውን ከፍሎ ንብረቱን ማዳን የሚችለው ከሽያጩ ቀን በፊት ነው። በእነዚህ ቦታዎች መዶሻው ከወደቀ በኋላ ገዢን የመተካት ጥያቄ አይነሳም።

የመቤዣ ገንዘብ ከምን ከምን ይዋቀራል

ዝርዝሩ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ቢለያይም ለገዢው የሚተካው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት ይዋቀራል፦

– የሐራጅ ዋጋ፦ ገዢው በጨረታው ዕለት የከፈለው ገንዘብ።
– ከሐራጁ በኋላ የተከፈለ ግብር፦ ገዢው የቀጣዮቹን ዓመታት ግብር ከከፈለ ይተካለታል። ይህ ባይሆን ኖሮ በመቤዣው ጊዜ ውስጥ ግብሩን የሚከፍል አይገኝም፤ ንብረቱም እንደገና ዕዳ ውስጥ ይገባል።
– የሰነድ ማስመዝገቢያና የማስታወቂያ ወጪ፦ ሰነዱን ለማስመዝገብና ባለመብቶችን ለማስታወቅ የወጣ ገንዘብ።
– የጥበቃና የእንክብካቤ ወጪ፦ ሕግ በፈቀደባቸው ቦታዎች የቤቱ መድን፣ የግድ የሆነ ጥገናና የመሳሰሉት።
– የጠበቃ ክፍያ፦ ገዢው የመቤዠት መብቱን ለማዘጋት ክስ ከመሠረተ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ባለቤቱ ይህንንም ይከፍላል።
– ወለድ ወይም ጭማሪ፦ ገዢው ገንዘቡን በማዋሉና አደጋውን በመውሰዱ የሚያገኘው።

ከነዚህ ውስጥ ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው የመጨረሻው ነው። ወለድ የሚባለው ከጊዜ ጋር የሚያድግ ሲሆን፣ ጭማሪ የሚባለው ግን አንድ ቀንም ቢያልፍ አንድ ዓመት ያው ሊሆን ይችላል።

የተለያዩ ክፍለ ግዛቶች አሠራር

ቴክሳስ። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት፣ የእርሻ መሬትና የማዕድን ንብረት ከሆነ የመቤዣው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ለሌላ ንብረት 180 ቀን ነው። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው የገዢው ሰነድ ከተመዘገበበት ቀን ነው። ባለቤቱ የሐራጁን ዋጋ፣ የማስመዝገቢያውን ክፍያ፣ ገዢው የከፈለውን ግብርና የተፈቀዱ ወጪዎችን ይተካል። በዚህ ድምር ላይ በመጀመሪያው ዓመት 25 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 50 በመቶ ይጨምራል። የ180 ቀን ጊዜ ላላቸው ንብረቶች ጭማሪው 25 በመቶ ነው።

ጆርጂያ። ባለቤቱ ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት መቤዠት ይችላል። 12ቱ ወራት ካለፉ በኋላም መብቱ በራሱ አይጠፋም፤ ገዢው በሕጉ መሠረት ማስታወቂያ ሰጥቶ እስኪዘጋው ድረስ ይቆያል። ጭማሪው ለመጀመሪያው ዓመት 20 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ይታከላል። የዓመት ክፋይ እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል።

ሳውዝ ካሮላይና። የመቤዣው ጊዜ 12 ወር ነው። ወለዱ በደረጃ ይጨምራል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 3 በመቶ፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር 6 በመቶ፣ ከ7ኛው እስከ 9ኛው 9 በመቶ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው 12 በመቶ። የሚሰላው በአሸናፊው ዋጋ ላይ ነው፤ ነገር ግን ጣሪያ አለው። ወለዱ በሐራጁ ላይ በካውንቲው በኩል ከሚቀርበው የመነሻ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ይህ ጣሪያ፣ ገዢዎች ተፎካክረው ዋጋውን ስለሰቀሉት ብቻ ባለቤቱ ከዕዳው ጋር የማይመጣጠን ወለድ እንዳይከፍል ይከላከለዋል።

አዮዋ። ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው። የወር ክፋይ እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ገዢዎች የሚወዳደሩት በዋጋ ወይም በወለድ ሳይሆን ባለቤቱ ባይቤዥ በሚደርሳቸው የንብረት ድርሻ ነው። ከመቶ እጅ ያነሰ ድርሻ የጠየቀ ያሸንፋል።

ፍሎሪዳ። ውድድሩ በወለድ ላይ ነው። ከ18 በመቶ ይጀመርና ዝቅተኛ ወለድ ያቀረበ ያሸንፋል። ሆኖም ባለቤቱ ሲከፍል ለገዢው ቢያንስ 5 በመቶ ይተካለታል፤ ከዚህ ነጻ የሆነው በዜሮ በመቶ የተሸጠ የምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው በ7 ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል።

ኒው ጀርሲ። እዚህም ከ18 በመቶ ወደ ታች ይወዳደራሉ። ወለዱ ዜሮ ከደረሰ ገዢዎቹ ለከተማው ፕሪሚየም የሚባል ተጨማሪ ገንዘብ በማቅረብ ይቀጥላሉ። ባለቤቱ ቢቤዥ ፕሪሚየሙ ለገዢው ይመለሳል። 5 ዓመት ሳይቤዥ ካለፈ ግን ለከተማው ገቢ ይሆናል።

የስሌት ምሳሌ

እንደ ቴክሳስና ጆርጂያ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ያለው ስሌት በአንድ ቀመር ሊጠቃለል ይችላል፦

የመቤዣ ገንዘብ = (የሐራጅ ዋጋ + በኋላ የተከፈለ ግብር + የተፈቀዱ ወጪዎች) × (1 + የጭማሪ መጠን)

አንድ ሰው በቴክሳስ ባለቤቱ ይኖርበት የነበረን ቤት በ20,000 ዶላር በሐራጅ ገዛ እንበል። ለሰነድ ማስመዝገቢያ 50 ዶላር፣ ለቀጣዩ ዓመት ግብር 1,950 ዶላር፣ ለቤቱ መድን 1,000 ዶላር ከፈለ። ድምሩ 23,000 ዶላር ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ቢቤዥ ጭማሪው 5,750 ዶላር ስለሆነ በጠቅላላ 28,750 ዶላር ይከፍላል። በሁለተኛው ዓመት ከሆነ ጭማሪው 11,500 ዶላር፣ ጠቅላላው 34,500 ዶላር ይሆናል።

የአሠራሮቹን ልዩነት ለማየት ሌላ ወጪ ሳይታሰብ 20,000 ዶላር ብቻ መነሻ ቢደረግና ባለቤቱ በ5ኛው ወር ቢቤዥ ለገዢው የሚከፈለው ትርፍ እንዲህ ይሆናል፦

– ቴክሳስ፦ 25 በመቶ፣ 5,000 ዶላር
– ጆርጂያ፦ 20 በመቶ፣ 4,000 ዶላር
– አዮዋ፦ 10 በመቶ፣ 2,000 ዶላር
– ሳውዝ ካሮላይና፦ 6 በመቶ፣ 1,200 ዶላር (የመነሻ ዋጋው ለምሳሌ 900 ዶላር ከነበረ ግን 900 ዶላር ብቻ)

በ13ኛው ወር ቢሆን ደግሞ በቴክሳስ 10,000፣ በጆርጂያ 6,000፣ በአዮዋ 5,200 ዶላር ይደርሳል። በሳውዝ ካሮላይና ጊዜው አልፎበታል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ጭማሪው በዓመት በሚቆጠርበት ቦታ ባለቤቱ በ2ኛው ወር ከፈለ በ11ኛው ለውጥ የለውም፤ ዓመቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው መክፈልና አንድ ቀን ካለፈ በኋላ መክፈል ግን በቴክሳስ ጭማሪውን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ለገዢው ከፍተኛውን ትርፍ የሚያስገኘው ቶሎ የሚቤዥ ባለቤት ነው። 25 በመቶ በአንድ ወር ማግኘትና በ12 ወር ማግኘት አንድ አይደለምና። ብዙ ገዢዎች ቤቱን ከማግኘት ይልቅ ባለቤቱ እንዲቤዥ የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

ለገዢው የማይተካ ወጪ

ገዢው በንብረቱ ላይ ያወጣው ገንዘብ ሁሉ አይተካም። በቴክሳስ ሕግ የሚተካው ንብረቱን ለመጠበቅና ለመንከባከብ በአግባቡ የወጣ ገንዘብ ነው። መድን፣ የከተማ ደንብ የሚያስገድደው ጥገና፣ በሽያጩ ጊዜ በነበረ የኪራይ ውል የተገባ ግዴታ፣ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈል መዋጮ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ገዢው ቤቱን ለማሳመር ወጥ ቤቱን ቢቀይር ወይም ተጨማሪ ክፍል ቢሠራ ግን ባለቤቱ ያንን የመተካት ግዴታ የለበትም።

ገደቡ ባይኖር ኖሮ ገዢው ቤቱን በውድ አድሶ የመቤዣውን ገንዘብ ባለቤቱ ከሚችለው በላይ ሊያደርሰው ይችል ነበር። ስለዚህም የግብር ሐራጅ ገዢ የመቤዣው ጊዜ እስኪያልቅ ትልቅ ሥራ ባይጀምር ይመረጣል። በጆርጂያ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቃል፤ ገዢው የመቤዠት መብቱ እስኪዘጋ ድረስ ንብረቱን የመያዝም ሆነ ኪራይ የመሰብሰብ መብት የለውም። በቴክሳስ ግን ገዢው ንብረቱን ወዲያውኑ መያዝ ይችላል።

ገንዘቡ ከባለቤቱ ወደ ገዢው የሚደርስበት መንገድ

የመያዣ መብት በሚሸጥባቸው ክፍለ ግዛቶች ባለቤቱና ገዢው ብዙውን ጊዜ አይገናኙም። ባለቤቱ ለካውንቲው ግምጃ ቤት ወይም ግብር ሰብሳቢ ይከፍላል፤ መሥሪያ ቤቱም መቤዠቱን መዝግቦ ገንዘቡን ለምስክር ወረቀቱ ባለመብት ያስተላልፋል።

የባለቤትነት ሰነድ በሚሸጥባቸው አንዳንድ ቦታዎች ግን ክፍያው በቀጥታ ለገዢው ነው። በጆርጂያ ገዢው ገንዘቡን ሲቀበል መብቱን የለቀቀበት ሰነድ ለባለቤቱ ይፈርማል። በቴክሳስም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ገዢው ተፈልጎ ካልተገኘ፣ በካውንቲው ውስጥ የማይኖር ከሆነ፣ በሒሳቡ ካልተስማሙ ወይም ሰነዱን አልፈርምም ካለ፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ለካውንቲው ግብር ሰብሳቢ ገቢ አድርጎ መቤዠት ይችላል። ይህ ድንጋጌ ገዢው በመሰወር ወይም በማጓተት ቀኑን እንዳያሳልፍበት የተቀመጠ ነው።

ማን መቤዠት ይችላል

መብቱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ወራሾች፣ ቤቱን በመያዣ ይዞ ያበደረ ባንክና በንብረቱ ላይ ሌላ መብት ያለው ሰው በብዙ ክፍለ ግዛቶች መቤዠት ይችላሉ። በጆርጂያ አንድ ባለዕዳ ጠያቂ ቢቤዥ ንብረቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ የቤዠው ሰው የከፈለው ገንዘብ ደግሞ በንብረቱ ላይ ቀዳሚ ዕዳ ይሆናል። ባንኮች የሚቤዡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የግብር ሐራጁ ከጸና ብድራቸው ያረፈበትን መያዣ ሊያጡ ይችላሉ።

ማስታወቂያ የማግኘት መብት

የመቤዠት መብት የሚጠቅመው ባለመብቱ ስለ ሐራጁ ካወቀ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ ሁለት የሚጠቀሱ ውሳኔዎች ሰጥቷል።

በ1983 በሜኖናይት የሚሲዮኖች ቦርድ እና በአዳምስ መካከል በነበረው የኢንዲያና ጉዳይ፣ አድራሻው በቀላሉ ሊገኝ የሚችል የመያዣ ባለመብት በጋዜጣ ማስታወቂያ ብቻ ሊታለፍ እንደማይገባ ተወሰነ። አበዳሪው ስለ ሽያጩ ያወቀው የመቤዣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

በ2006 በጆንስ እና በፍላወርስ መካከል የነበረው ጉዳይ ከአርካንሳስ የመጣ ነው። ባለቤቱ የቤቱን ብድር ለ30 ዓመት ከፍሎ ጨርሷል። እስከዚያ ድረስ ግብሩን የሚከፍለው አበዳሪው ነበር፤ ብድሩ ሲያልቅ ግብሩ ሳይከፈል ቀረ። ክፍለ ግዛቱ የላከው የአደራ ደብዳቤ ተቀባይ ሳያገኝ ተመለሰ። 80,000 ዶላር ይገመት የነበረው ቤት ከ21,000 ዶላር ትንሽ በሚበልጥ ዋጋ ተሸጠ። ፍርድ ቤቱ፣ ደብዳቤው መመለሱን ያወቀ መሥሪያ ቤት ዝም ብሎ መሸጥ እንደማይችልና የሚቻል ከሆነ ሌላ ተጨማሪ እርምጃ መውሰድ እንዳለበት ወሰነ።

ጉዳዩ ለብዙ ባለቤቶች ትምህርት የሚሆን ነው። ብድር ያለበት ቤት ግብር ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በባንኩ በኩል ስለሆነ፣ ብድሩ ሲያልቅ ኃላፊነቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ከወላጅ በውርስ የተላለፈ ቤት፣ ስሙ ሳይዞር ሲቆይም ማስታወቂያው በሟቹ ስም ይላካል። አድራሻ ለውጦ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያላሳወቀ ሰውም ተመሳሳይ አደጋ አለበት።

ሐራጁ ሲፈርስ

መቤዠትና የሐራጁ መፍረስ የተለያዩ ናቸው። ሲቤዥ ሐራጁ ትክክል ነበር ተብሎ ነው ባለቤቱ የሚከፍለው። ሐራጁ የሚፈርሰው ግን ግብሩ አስቀድሞ ተከፍሎ ሲገኝ፣ ማስታወቂያው ጉድለት ሲኖረው ወይም ንብረቱ ከግብር ነጻ ሲሆን ነው። በዚህ ጊዜ ገዢውን የሚተካው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በጥንቱ ሕግ ገዢው አደጋውን ራሱ እንደወሰደ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ገንዘቡ ከአስተዳደሩ እንዲመለስለት የሚያደርግ ሕግ አላቸው። ለምሳሌ በኢሊኖይ በስሕተት የተካሄደ ሽያጭ የሚባል አሠራር አለ፤ ፍርድ ቤት ሽያጩን በዚህ ምክንያት ሲሽር ገዢው ገንዘቡን መልሶ ይቀበላል።

ባለቤቱ ሳይቤዥ ሲቀር

ጊዜው ካለፈ ንብረቱ ለገዢው ወይም ለአስተዳደሩ ይጸናል። እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ የቤቱ ዋጋ ከዕዳው ሲበልጥ ትርፉ የማን ነው የሚለው ነው።

በሚኒሶታ የሄነፒን ካውንቲ የአንዲት አዛውንትን መኖሪያ ወደ 15,000 ዶላር ለሚጠጋ ዕዳ ወሰደ። ከዚህ ውስጥ ግብሩ 2,300 ዶላር ያህል ሲሆን ቀሪው ወለድ፣ መቀጫና ወጪ ነበር። ካውንቲው ቤቱን በ40,000 ዶላር ሸጦ የተረፈውን 25,000 ዶላር ለራሱ አስቀረ። በሜይ 25 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታይለር እና በሄነፒን ካውንቲ ጉዳይ፣ መንግሥት የሚገባውን ግብር መውሰድ ቢችልም ከዚያ የተረፈውን ማስቀረቱ ያለ ካሳ ንብረት መውሰድ ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በውሳኔው ጊዜ አዛውንቷ 94 ዓመታቸው ነበር። ከውሳኔው በኋላ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ሕጋቸውን መከለስ ጀምረዋል።

ቀደም ብሎም በዋሽንግተን ዲሲ ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ2013 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባወጣው ምርመራ፣ አንድ የ76 ዓመት ጡረተኛ ወታደር መነሻው 134 ዶላር በሆነ የግብር ዕዳ ወደ 197,000 ዶላር የሚገመት ቤታቸውን ማጣታቸው ተዘገበ። ዕዳውን ያበዛው በገዢው በኩል የተጨመረው የጠበቃ ክፍያ ነበር። የከተማው ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ሕጉን አሻሻለ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትና ቤት የገዙበት በመሆኑ፣ ሕጉ ለአማርኛ ተናጋሪ ባለቤቶችም ቅርብ ጉዳይ ነው።

የፌደራል ግብር

ከላይ የተገለጸው የአካባቢ የንብረት ግብርን ይመለከታል። የፌደራል ገቢ መሥሪያ ቤቱ ለገቢ ግብርና ለመሳሰሉት ዕዳዎች ቤት ወይም መሬት ወርሶ ሲሸጥ ደግሞ የራሱ ደንብ አለ። ባለቤቱ፣ ወራሾቹ፣ በንብረቱ ላይ መብት ያለው ሰው ወይም በእነሱ ስም የሚቀርብ ማንኛውም ሰው ከሽያጩ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ መቤዠት ይችላል። ለገዢው የሚተካው የከፈለው ዋጋና በዓመት 20 በመቶ የሚታሰብ ወለድ ነው።

ታሪካዊ ምሳሌ፦ የአርሊንግተን ርስት

«በእነሱ ስም የሚቀርብ» የሚለው ሐረግ ቀላል ቢመስልም ከበስተጀርባው ታሪክ አለው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የፌደራል መንግሥቱ ባመፁት ክፍለ ግዛቶች መሬት ላይ ቀጥታ ግብር ጣለ። የደቡቡ ጄኔራል የሮበርት ሊ ባለቤት የአርሊንግተን ርስት ግብር 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነበር። ዘመዳቸው ሊከፍሉላቸው ቢሄዱም ኮሚሽነሮቹ ባለቤቲቱ በአካል ካልቀረቡ አንቀበልም አሉ። ርስቱ በጃንዋሪ 1864 በሐራጅ ቀርቦ መንግሥቱ ራሱ በ26,800 ዶላር ገዛው፤ በዚያው ዓመትም የወታደሮች መቃብር ሆነ።

ልጃቸው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረቡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1882 ለቤተሰቡ ፈረደ፤ ክፍያን ከወኪል አልቀበልም ብሎ መሸጥ ሽያጩን ዋጋ እንደሚያሳጣ ተቀበለ። በ1883 መንግሥቱ ለልጅየው 150,000 ዶላር ከፍሎ ርስቱን በሕጋዊ መንገድ ገዛ። ዛሬ ቦታው የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሁኔታው የተለየ ነው። በ1995 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የመሬቱ ባለቤትነት ለግብር ዕዳ አይሸጥም፤ ግለሰብ ባለቤት የሚሆነው በመሬቱ ላይ በሠራው ቤትና በሌላ ቋሚ ማሻሻያ ላይ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ያለው፣ መሬትን ከነባለቤትነቱ ሸጦ ለገዢው ጭማሪ እየከፈሉ የመቤዠት አሠራር በቀጥታ የሚነጻጸርበት ነገር የለም።